የፀጉሬን ስር ራሴ መቀባት፣ 4ኛ ሙከራ (ከደብረ ማርቆስ)

ሰላም ሴቶች፣ ባለፈው ሃይላይቴን (ፈካ ብለው የተቀቡትን ዘለላዎች) ራሴ ልሞክረው ነው ስላችሁ ግማሻችሁ በርቺ ግማሻችሁ ይቅርብሽ ብላችሁኝ ነበር፣ ይኸው አራተኛውን ትላንት ጨረስኩ፣ ሁላችሁም ልክ ነበራችሁ 😅

ለማታውቁኝ፣ ፀጉሬ ቡናማ ተቀብቶ ከፊት ማር የመሰለ ሃይላይት አለው፣ ፀጉር በወር 1 ሳንቲም ገደማ ያድጋል፣ እናም በሁለት ወሩ ከስሩ ጥቁር መስመር ብቅ ይላል።

የመጀመሪያው ላይ ቡናማውን ከስር እስከ ጫፍ ለቀለቅኩት። ስሩን ብቻ ነበር መንካት የነበረብኝ፣ ጫፉ ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቦበት ጠቆረ። ከዛ ፈካ ያለ ቀለም ገዝቼ ላነሳው ሞከርኩ፣ ምንም! ቀለም ቀለምን አያነሳም፣ እሱን የሚያነሳው ብሊች (ቀለም ማንጫው) ነው።

ሁለተኛው ላይ ታዲያ ብሊቹን በ30 ቮሊየም ኦክሲጅን ክሬም (ፐርኦክሳይዱ 9% ማለት ነው) በጥብጬ ስሩ ላይ ቀባሁ፣ የራስ ቆዳ ሙቀት ስሩን ቶሎ እንደሚያነሳው ማን ነግሮኝ፣ ቶሎ ሲቀየር ደንግጬ ታጠብኩ፣ ጥቁር ፀጉር ደግሞ መጀመሪያ ቀይ ከዛ ብርቱካን ከዛ ነው ቢጫ የሚሆነው፣ እኔ ብርቱካኑ ላይ ቆምኩ። አክስቴ አይታኝ "አንቺ ልጅ፣ አደይ አበባ በግንቦት አበቀልሽ?" አለችኝ። ወይንጠጅ ሻምፑ ገዝቼ ሳምንት ሙሉ ታጠብኩበት፣ ለካ ወይንጠጅ የሚያጠፋው ቢጫን ነው፣ ለብርቱካን ሰማያዊ ነው የሚያስፈልገው። ብሬን በላሁት።

ሦስተኛውን ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ብሊቹ ራሴ ላይ እያለ ውሃ ጠፋ። ጎረቤት ሄጄ በፎይል ተጠቅልዬ ጀሪካን ለመንኩ፣ እማማ በሩን ከፍተው ሲያዩኝ አማተቡ። ስለዚህ ጀሪካን ሳትሞሉ ምንም ነገር እንዳትበጠብጡ!

የትላንቱ፣ 20 ቮሊየም (6%)፣ ቀጫጭን ዘለላ እየለየሁ፣ በፊት የተነሳውን ሳልነካ አዲስ የበቀለውን ብቻ፣ በፕላስቲክ ሳህን (ብረት አይሆንም)፣ ግንባሬ ዙሪያ ቫዝሊን። አንድ የገረመኝ ነገር ባህርዳር እህቴ ቤት ግማሽ ሰዓት የበቃው ብሊች እዚህ በብርዱ እየተንቀራፈፈ ነው የሚሠራው፣ እና ሰዓት ማየት ትቼ በየ5 ደቂቃው አንዷን ዘለላ ጠርጌ ቀለሟን ሳይ ነበር፣ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ግን አላሳለፍኩም። ቢጫ ሲመስል ታጠብኩ፣ ቶነር (የቀለሙን ቃና የሚያስተካክለውን) አደረግኩ፣ ማር ሆነ እሰይ!

ደግሞ ከ48 ሰዓት በፊት ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ቀብታችሁ ሞክሩ፣ አንዲት ጓደኛዬ ጥቁር ሂና ብላ ተቀብታ ዓይኗ እስኪጠፋ አብጣለች። በሪላክሰር የተለሰለሰ ፀጉር ላይ ብሊች ጨርሶ ባትሞክሩት ይሻላል፣ እጃችሁ ላይ ነው የሚቀረው።

ከፊት እንግዲህ ኮራሁ። ከኋላ ግን በሁለት መስታወት እያየሁ እጄ ግራ ቀኙን ስቶት የሜዳ አህያ መስያለሁ፣ ታናሽ እህቴን አግዥኝ ብላት ስትስቅ ብሩሹን ጣለችው። ያለ ረዳት የኋላውን የምትሠሩ ካላችሁ ዘለላውን እንዴት ነው የምትይዙት?