በተጎታች ቤት እየኖርን በወፎች መጠለያ ማገልገል፦ እንዴት ጀመርነው፣ ምንስ አወቅንበት

በአሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት የሚያስተዳድራቸው ከ570 በላይ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያዎች አሉ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1903 በፍሎሪዳ ያስከለሉት የፔሊካን ደሴት ነው። አብዛኞቹ መጠለያዎች ከከተማ የራቁ፣ የሠራተኞቻቸውም ቁጥር ከመሬታቸው ስፋት ጋር የማይመጣጠን በመሆኑ ጉድለቱን የሚሸፍኑት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከእነዚህም መካከል አርቪ በሚባለው የመኖሪያ መኪና ወይም በተጎታች ቤት እየተዘዋወሩ የሚኖሩ ጡረተኞች ብዙ ናቸው። መጠለያው የማቆሚያ ቦታ፣ መብራት፣ ውሃና የፍሳሽ መስመር በነጻ ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ይሠራሉ። እኔና ባለቤቴ ከጡረታ ወዲህ የምንኖረው እንዲህ ነው። አኗኗሩን የሚጠይቁን ወገኖች ስለበዙ ያለፍንበትን በጽሑፍ ማስፈሩ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። አስቀድሜ መናገር የምፈልገው ግን ስለ ወፎች ካወቅነው አብዛኛውን ያገኘነው አገር ላገር በመዞር ሳይሆን አንድ ቦታ ወቅቱን ሙሉ ተቀምጠን የታዘዝነውን በመሥራት መሆኑን ነው።

ወፍ መመልከት የጀመርነው ገና በሥራ ላይ ሳለን፣ በዋሽንግተን አካባቢ ስንኖር ነው። ቅዳሜ ማለዳ ተነሥተን የቼሳፒክን ድልድይ ከተሻገርን በኋላ በሜሪላንድ ካምብሪጅ ከተማ አጠገብ ወዳለው የብላክዋተር መጠለያ እንሄድ ነበር። በ1933 የተቋቋመው ይህ መጠለያ በብርዱ ወራት ከሰሜን የሚወርዱ ዝይዎችና ዳክዬዎች የሚያርፉበት፣ ራሱ ነጭ የሆነው የአሜሪካ ንስርም በብዛት የሚታይበት ረግረግ ነው። ረግረጉ ግን እየሳሳ የመጣ ነው። ለጠጉሩ ሲባል በ1943 የገባው፣ ኑትሪያ የሚባለው ትልቅ አይጥ መሰል እንስሳ ሣሩን ከነሥሩ እየነቀለ ሲበላው፣ የባሕሩ ከፍታ መጨመርም ተደርቦበት፣ ከ1930ዎቹ ወዲህ ከ5,000 ኤከር በላይ የሚሆነው ወደ ክፍት ውሃ ተለውጧል። ኑትሪያው ከአካባቢው ጨርሶ መጥፋቱ የተገለጸው ከብዙ ዓመት ዘመቻ በኋላ በ2022 ነው። ወፍ የሚያርፍበት ቦታ ዝም ብሎ የሚገኝ ሳይሆን በየዓመቱ የሚደከምለት መሆኑን መጀመሪያ የተረዳነው እዚያ ነው። በአርቪ እየኖሩ የሚያገለግሉ ባልና ሚስት ያገኘነውም እዚያው በመጠለያው መንገድ ላይ ነው፤ ከእነርሱ ጋር በቆምንበት የተጀመረው ወሬ ነው እስከዛሬ የሚያዞረን።

ማመልከቻው የሚቀርበው ቮለንቲር ዶት ጎቭ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ነው። ከዚያ በኋላ የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪው ስልክ ይደውላል፤ ጉዳዩ የሚያልቀውም በዚህ ንግግር ስለሆነ ጥያቄ ይዞ መጠበቅ ያስፈልጋል። የሥራው ሰዓት በብዙ ቦታ በሳምንት ከ20 እስከ 32 ቢሆንም፣ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለባልና ሚስት በአንድነት የሚለው ከመጠለያ መጠለያ ይለያያል። የማቆሚያው ርዝመት፣ የመብራቱ ጉልበት፣ ስልክ ይሠራ እንደሆነ፣ ገበያና ሐኪም ምን ያህል እንደሚርቁ ሁሉ የሚጠየቅ ነው። ብዙ መጠለያዎች ቢያንስ ሦስት ወር የሚቆይ ሰው ይፈልጋሉ። በደቡብ ያሉት፣ ብርዱን መሸሽ የሚፈልግ ሁሉ ስለሚሻማባቸው፣ ከወራት በፊት ይሞላሉ። ሥራ ሲጀመር ስምምነት ይፈረማል፤ የመንግሥት መኪና የሚነዳም የጥንቃቄ ማሽከርከር ሥልጠና ይወስዳል። ልጆቻችንን ያሳስባቸው የነበረው የአደጋ ጉዳይ ሲሆን፣ በጎ ፈቃደኛ በሥራው ላይ ሳለ ጉዳት ቢደርስበት ለካሳ ሲባል እንደ ፌዴራል ሠራተኛ እንደሚቆጠር ሲሰሙ ትንሽ ቀለል አላቸው።

ስለ ተጎታች ቤቱ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ከመግዛት በፊት መታየት አለባቸው የምላቸው ከውበቱና ከሶፋው ይልቅ ጎማውና መብራቱ ናቸው። የተጎታች ጎማ ክሩ ሳያልቅ በዕድሜ ይሞታል። በጎኑ ላይ ከታተሙት ፊደላት መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። መብራቱ ደግሞ ለእኛ ለሐበሾች የተለየ ጉዳይ ነው። ባለ 30 አምፔር መስመር የሚሸከመው 3,600 ዋት ብቻ ሲሆን፣ የእንጀራ ምጣዱና የክፍል ማሞቂያው እያንዳንዳቸው 1,500 ዋት ገደማ ይወስዳሉ፤ በዚያ ላይ የውሃ ማሞቂያው ከተነሣ መብራቱ ድርግም ይላል። ስለዚህ ባለቤቴ የምትጋግረው ነፋስ ባልበረታበት ቀትር፣ ከደጅ በተዘረጋ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት ቤቱን የሚያሞቀው ፕሮፔን ነው። ጎረቤቶቻችን አክንባሎው በተነሣ ቁጥር ባይኖኩላራቸውን አውርደው ወደ እኛ መመልከታቸውን ለምደነዋል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች በሚወርድበት ቦታ የውሃው ቱቦ ይቀዘቅዛልና ማታ ጋኑን ሞልቶ ቱቦውን ነቅሎ ማፍሰስ፣ አለበለዚያም በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ቱቦ መግዛት ግዴታ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ያስተማረን በኒው ሜክሲኮ፣ ከሶኮሮ ከተማ በስተደቡብ ያለው የቦስኬ ዴል አፓቼ መጠለያ ነው። በ1939 የተቋቋመው ይህ መጠለያ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ግራና ቀኝ 57,000 ኤከር ያህል ይሸፍናል። ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ ሳንድሂል ክሬን የሚባሉት ግራጫ፣ እግረ ረጃጅም ወፎችና ነጫጭ የበረዶ ዝይዎች በሺዎች እየሆኑ ይከርሙበታል። የክሬኖቹ የአውሮፓ ዘመዶች በዚያው ወቅት ወደ ጣና ዙሪያ እንደሚወርዱ ስነግራቸው የሥራ ባልደረቦቼ ተገርመው ነበር። የተሰጠን ሥራ ግን ወፍ ማየት አልነበረም። የጎብኚዎች ሽንት ቤት ማጽዳት፣ ቆሻሻ መልቀም፣ በመረጃ ጠረጴዛ መቀመጥ፣ በወንዙ ዳር የተስፋፋውን ሶልት ሲዳር የተባለ መጤ ቁጥቋጦ መቁረጥ ነበር። የልጅነት ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ “አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜ ልክህን ሠርተህ ሠርተህ የፈረንጅ ሽንት ቤት ልታጥብ ነው በረሃ የወረድኸው?” ብሎ ስልኩ ላይ ሳቀብኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ይሁን እንጂ ማለዳ ከጎብኚ በፊት መጥረጊያ ይዞ የሚወጣ ሰው የሚያየውን፣ ትኬት ቆርጦ የሚገባ አያየውም።

በበረሃ መካከል ይህን ያህል ወፍ የሚገኘው ውሃው በሰው እጅ ስለሚመራ ነው። ሪዮ ግራንዴ ጥንት በጎርፍ ጊዜ ሜዳውን ያለብስ፣ ሲጎድልም ኩሬና ጭቃ ይተው ነበር። ግድብና መከላከያ ካብ ከተሠራ በኋላ ግን ወንዙ ይህን ማድረግ ስላቆመ ሥራውን ሠራተኞቹ ተክተውታል። በጸደይ ኩሬዎቹን ያፈስሱና እርጥቡ አፈር ፍሬ የሚሰጥ ሣርና አረም እንዲያበቅል ይተዉታል። በመጸው ውሃውን መልሰው ሲለቁበት ፍሬው ለዳክዬ ይደርሳል። የውሃው በር ከእንጨት ሳንቃዎች የተደራረበ ነው። አንዷ ሳንቃ ስትነሣ ወይም ስትጨመር የኩሬው ከፍታ ጥቂት ጣት ያህል ይለወጣል፤ ይቺ ጥቂት ጣት ደግሞ ማን መጥቶ እንደሚበላ ትወስናለች። ጭቃው ብቅ ካለ ረጅም መንቁር ያላቸው የዳርቻ ወፎች ይመጣሉ፤ ውሃው ጥልቅ ከሆነ ራሳቸውን ደፍተው የሚመገቡት ዳክዬዎች ከታች ያለው ፍሬ አይደርስላቸውም፤ ሰጥመው የሚመገቡት ግን ይደሰታሉ። ሳንቃ ለማንሣት የሚሄደውን ሠራተኛ መከተል ከጀመርሁ በኋላ ኩሬ አይቼ ምን ዓይነት ወፍ እንደሚኖርበት አስቀድሜ መገመት ቻልሁ። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም ነበር።

የበቆሎው ነገርም እንዲሁ ነው። በመጠለያው ማሳ የሚዘራው በቆሎ አይታጨድም፤ በብርዱ ወራት በየተራ እየተቆረጠ መሬት ላይ ይተኛል። ዓላማው ወፎቹን መቀለብ ብቻ ሳይሆን ከሸለቆው ገበሬዎች ሰብል ማራቅም ነው። ገበሬ ቤት ላደገ ሰው ይህ ብልሃት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ክሬኖቹ ሌሊቱን የሚያሳልፉት ኮዮቲ የተባለው የቀበሮ ዘመድ ድንገት እንዳይደርስባቸው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ነው። በብርቱ ብርድ ማለዳ የኩሬው ገጽ በረዶ ይጋግራል፤ ፀሐይ ስትወጣ እነዚያ ግርማ ያላቸው ወፎች በረዶው ላይ እግራቸው እያሟለጨ፣ ክንፋቸውን ገለጥ እያደረጉ ሚዛን ሲጠብቁ ይታያሉ። ሊበርር ያሰበ ክሬን አንገቱን ወደፊት ዘርግቶ፣ ሰውነቱን አዘንብሎ ጥቂት ይቆያል፤ ከአጠገቡ ያሉት ቤተሰቦቹም እንደርሱ ካዘነበሉ አብረው ይነሣሉ፤ ካላዘነበሉ እርሱም ቀና ይላል። ፎቶ አንሺዎች ይህን ስለሚያውቁ ጣታቸውን ካሜራው ላይ አድርገው ያንን ዝንባሌ ይጠብቃሉ። የዓመቱ ጫጩት እስከ መጀመሪያው ብርድ ማብቂያ ከወላጆቹ አይለይም። አናቱ ላይ እንደ ትላልቆቹ ቀይ ቆዳ የለውም፤ ራሱ ቡናማ ነው፤ ድምፁም ከወላጆቹ ሻካራ ጩኸት ተለይቶ ቀጭን ፉጨት ነው። በአንድ መንጋ ውስጥ ስንት ጫጩት እንዳለ ከተቆጠረ ያለፈው የመራቢያ ወቅት እንዴት እንደነበረ ይታወቃልና ይህን መለየት ለመዝናናት ብቻ አይደለም።

መቁጠርን የተማርነው ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ነው። መንጋ አንድ በአንድ አይቆጠርም። አስር ወፍ በዓይን ለይቶ ያ ቁራጭ ሰማይ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ማየት፣ ከዚያም በዚያ ስፋት መንጋውን መለካት ነው፤ መንጋው ከገዘፈ መለኪያው መቶ ይሆናል። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ አሳንሶ ይገምታል። ዝርዝሩን የምናስገባው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ላቦራቶሪ ከ2002 ጀምሮ በሚያስተዳድረው፣ ኢበርድ በተባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ነው። መርሊን የተባለው መተግበሪያ በድምፅ ወፉን ይለያል፤ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ስልኩ የጠራው ስም ወፉን በዓይን ሳናይ ወይም ድምፁን ራሳችን ሳንለይ በዝርዝራችን አይገባም። ከ1900 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገው የገና የወፍ ቆጠራ ከታኅሣሥ 14 እስከ ጥር 5 በፈረንጆቹ ቀን ይካሄዳል፤ የእኛ ገና ጥር 7 ስለሚውል ባለቤቴ “ጾም ሳለን ቆጥረን፣ ሲፈታ እንበላለን” ትላለች።

በቴክሳስ ባሕር ዳርቻ ያለው የአራንሳስ መጠለያ የተለየ ነው። እዚያ የሚከርመው ሁፒንግ ክሬን ቁመቱ 1.5 ሜትር የሚደርስ፣ ከክንፉ ጥቁር ጫፍ በቀር ነጭ ወፍ ነው። በ1941 እዚያ የሚከርመው መንጋ ወደ 15 ገደማ ወርዶ ነበር፤ ዛሬ ከ500 በላይ ነው። በበጋ ጫጩት የሚፈለፍሉት 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ በካናዳ ውድ ባፋሎ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን፣ ጎጇቸው የተገኘው በ1954 ነው። በአራንሳስ እንደ ቦስኬ በመንጋ አይታዩም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ረግረግ ይዞ ሰማያዊ ሸርጣን እየለቀመ ይከርማል። ትንኙ ግን ይቅርታ የለውም፤ እጅጌ የሌለው ልብስ ለዚያ አገር አይሆንም።

ወጪውን በተመለከተ የቤት ኪራይና የመብራት ክፍያ ስለሚቀር የሚያሳስበው ነዳጅ፣ ጥገናና መድን ነው። በድምሩ 250 ሰዓት ያገለገለ ሰው ለአንድ ዓመት የሚሠራ የፌዴራል መናፈሻዎችና መጠለያዎች መግቢያ ካርድ በነጻ ያገኛል። እኛ ግን ከ1934 ጀምሮ የሚሸጠውን፣ ለመጠለያ መግቢያም የሚሆነውን የዳክዬ ቴምብር በ25 ዶላር በየዓመቱ እንገዛለን፤ ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ረግረግ ለመግዛትና ለመንከባከብ ይውላል። ቋሚ ቤት የሌለው ሰው ለመንጃ ፈቃድና ለግብር የሚሆን አድራሻ ያስፈልገዋልና ብዙዎች ደብዳቤ የሚቀበልላቸው ድርጅት ባለበት በቴክሳስ፣ በፍሎሪዳ ወይም በደቡብ ዳኮታ ይመዘገባሉ። ከሁሉ በላይ አስቀድሞ መታሰብ ያለበት ሕክምና ነው። የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ዋናው ሜዲኬር በሁሉም ግዛት ሲሠራ፣ በግል ድርጅቶች የሚቀርቡት፣ አድቫንቴጅ የሚባሉት ብዙዎቹ ዕቅዶች ከድንገተኛ አደጋ በቀር በአንድ አካባቢ ሐኪሞች የተወሰኑ ናቸው። ለተዘዋዋሪ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ተጎታች ቤት ሳይገዛ መሞከር የሚፈልግ፣ በተለይም በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖር ወገን፣ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በሎረል ያለው የፓተክሰንት የምርምር መጠለያ በ1936 የተቋቋመ ሲሆን፣ ሁፒንግ ክሬኖችን በእንክብካቤ የማርባት ሥራ በ1960ዎቹ የተጀመረው በዚያ ነው። በቨርጂኒያ በኩል ደግሞ በ1969 ለንስር ሲባል የተከለለው የሜሰን ኔክ መጠለያ ከፖቶማክ ወንዝ ዳር ይገኛል። በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ወቅት ቆርጦ ማገልገል፣ በመካከሉም ለጥቂት ቀናት አርቪ ተከራይቶ በጠባብ ቤት ከባለቤት ጋር መኖር እንዴት እንደሆነ ማየት ይበቃል። ሁለቱም ከተስማሙት በኋላ ቤት መሸጡ ይደርሳል።