ለአንድ ማይል ባቡር፦ አዛውንት ይዛችሁ ሚድልተን ስትሄዱ

እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ያለውን ጥንታዊውን የሚድልተን ባቡር ከሽማግሌ ጋር ልታዩ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ የማስጠነቅቃችሁ ስለ ሚድልተን አይደለም። እዚያ ስለሚያደርሳችሁ ስለ ዘመናዊው ባቡር ነው። የሚድልተኑ ጉዞ እንደሆነ ከአንድ ማይል ብዙ አይርቅም፤ ሃንስሌት ከሚባለው ሰፈር ከሙር ሮድ ጣቢያ ይነሳል፣ በአውራ ጎዳናው ሥር ሹልክ ይላል፣ ፓርክ ሆልት ደርሶ ይመለሳል። የተቀዳ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። እኛን ያንገላታን ከዚያ በፊት ያለው መንገድ ነው፤ ማንም ቀድሞ አልነገረኝም፤ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

አባቴ ዕድሜውን የፈጀው ድሬዳዋ ምድር ባቡር ነው፤ አተሊዬ (ጥገና ክፍሉ) ውስጥ፣ የናፍጣ ባቡር ሲፈታና ሲገጥም። (የድሬ ልጅ አባቱን አንቱ አይልም፤ አትፍረዱብኝ።) እሱ ሥራ ሲገባ የእንፋሎቱ ዘመን አልፎ ነበር። ዝገት የበላቸውን ግቢው ጥግ ቆመው ያውቃቸዋል እንጂ እሳት ያለው፣ የሚተነፍስ የእንፋሎት ባቡር አይቶ አያውቅም። እኔ ጋ እንግሊዝ አገር ከመጣ ጀምሮ ጥያቄው አንድ ነው፤ «እነዚህ ሰዎች ነገሩን የፈጠሩት እነሱ አይደሉም እንዴ? አንድ እንኳ የሚሠራ የላቸውም?»

አላቸው፤ ያውም በየአውራጃው። ብዙዎቹ ግን ባሕር ዳርና ሸለቆ እያሳዩ ሻይ በኬክ የሚያቀርቡ የሽርሽር መስመሮች ናቸው። ለአባባ የመረጥኩለት የሥራ ባቡር ነው። ሚድልተን የተዘረጋው የድንጋይ ከሰል ከጉድጓድ አውጥቶ ሊድስ ለማድረስ ነበር። መጀመሪያ ፈረስ ነበር የሚጎትተው። የከሰሉ ባለቤት ቻርልስ ብራንድሊንግ በ1758 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፓርላማውን ሕግ አስወጥቶለታል፤ በፓርላማ አዋጅ የተፈቀደ የመጀመሪያው የባቡር መስመር ይሄ ነው።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። በአብዛኛው ቅዳሜና እሁድ ነው የሚሠራው። ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጻቸው ላይ የዚያ ቀን ጎታች እንፋሎት ይሁን ናፍጣ እዩ፤ አባባ ናፍጣ ጠግቧል። ከሊድስ ዋና ጣቢያ ታክሲ ያዙ። አውቶቡስም አለ፤ ግን ጉልበት የሚያመው ሰው ይዛችሁ ፌርማታ ላይ አትቁሙ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

አባባ ጉልበቱ አስቸጋሪ ነው። ከዘራ ይዞ ትንሽ ይራመዳል፣ ሰው ከደገፈው አንድ ሁለት ደረጃ ይወጣል፤ ለረጅም መንገድ ግን ዊልቸር ያስፈልገዋል። በዚህ አገር ባቡር ላይ እርዳታ አስቀድሞ ማስያዝ ይቻላል፤ ከመነሻው ሁለት ሰዓት በፊት ድረስ ጠይቁ፣ ሠራተኛ ዊልቸር የሚገፋበትን ተጣጣፊ መወጣጫ ይዞ በር ላይ ይጠብቃችኋል ይላሉ። እኔ ቀናት ቀደም ብዬ አስያዝኩ። ቁጥር ያለው ማረጋገጫ በኢሜይል መጣልኝ። አተምኩት፤ አበሻ ነኝና ወረቀት ያለው ነገር ይበልጥ እውነት ይመስለኛል።

ጣቢያው ቀድመን ደረስን። የእርዳታው ጠረጴዛ ላይ ያለው ልጅ ታብሌቱን ወደ ላይ ወደ ታች አንሸራተተና «ስማችሁ የለም» አለኝ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ወረቀቱን አላየውም፤ እንደገና ታብሌቱን አየ። ቁጥሩን አነበብኩለት። «እሱ ሌላ ሲስተም ነው» አለ። ምን ማለት ነው ብል «ፕላትፎርም ላይ ጠብቁ፣ ሰው ይመጣል» ብሎ ከኋላዬ ወዳለው ሰው ዞረ።

ፕላትፎርሙ ላይ ጠበቅን። ሰው አልመጣም። ባቡሩ መጣ። ከእኛ አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ተጣጣፊው መወጣጫ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ በሰንሰለት ታስሮ፣ የአውራ ጣት የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበት። ለባቡሩ ተቆጣጣሪ ጮህኩለት። ሮጦ መጣ፣ ጓጉንቸሩን አየው፣ «ይሄ የጣቢያው ንብረት ነው፤ መክፈት አልችልም» አለኝ። የጣቢያው ሰው የት ነው? ትከሻውን ሰበቀ። ሰዓቱን አየ። በሩ ጢጥ ጢጥ አለና ተዘጋ። ባቡሩ በሰዓቱ ሄደ፤ በዚህ አገር በሰዓቱ የሄደ ባቡር ያየሁት ያን ቀን ነው።

አባባ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። በከዘራው ወደ መወጣጫው ጠቆመና «የጠፋችው ይቺ ናት?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ሰንሰለቱን ተወው፤ የታሰረበት ብሎን አሥራ ሰባት ቁጥር ነው። መፍቻ ጠይቃቸው።» እየቀለደ መሰለኝ። አልነበረም።

ተመልሼ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። የተባልኩትን ስሙ፤ እርዳታው የተያዘልን ለሄደው ባቡር ስለሆነ ለሚቀጥለው አዲስ ጥያቄ ማቅረብ አለብኝ፤ አዲስ ጥያቄ ደግሞ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ይሄ ውሸት ነው። ሳታስይዙም መጥታችሁ እርዳታ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ሁለት ሰዓቱ አስቀድሞ ለሚያስይዝ የተቀመጠ ገደብ እንጂ ላላስያዘ ቅጣት አይደለም። ይህንን አውቀዋለሁ፤ ነገርኩትም። ኃላፊ ትጠራ ተባለ። ኃላፊዋ መጣች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ቁልፉ የተመደበው ሠራተኛ ኪስ ውስጥ እንደሆነና እሱም እረፍት ላይ እንደሆነ ነገረችን፣ እንደገና ይቅርታ ጠየቀች፣ ሄደች። የአገሩ ይቅርታ እንደ ዝናቡ ነው፤ ይወርዳል፣ ምንም አይለወጥም።

ሁለተኛው ባቡርም እንደዚሁ አለፈን። በመጨረሻ ያወጣን ማን ይመስላችኋል? ወለል የሚጠርግ ሰውዬ። ገና ባቡር ሲገባ ስናይ በእጁ ምልክት ሰጠንና ተቆጣጣሪዋ ወደምትወርድበት በር እየሮጠ ሄደ። ተቆጣጣሪዋ ወረደች፣ አባባን አየች፣ ተመልሳ ገባችና ከባቡሩ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ካለው ቁም ሳጥን፣ ሌላ መወጣጫ መዝዛ አወጣች። ከባቡሩ ውስጥ! ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ ባቡሮች የራሳቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት። በሰንሰለት የታሰረውን ስንማፀን ያለፉን ባቡሮች ሆድ ውስጥ ምን እንደነበረ አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እንግዲህ የእነሱ ምክር «አስቀድማችሁ አስይዙ» ነው። የእኔ ምክር ሌላ ነው። አስይዙ፤ ግን የምታስይዙት እንዲረዷችሁ ሳይሆን ኋላ ለመክሰስ ማስረጃ እንዲሆናችሁ ነው። ለመሳፈር የምትተማመኑት በተቆጣጣሪው ብቻ ይሁን። ባቡሩ ሲቆም ከበሩ የሚወርደውን ሰው በዓይናችሁ ያዙና «ባቡሩ ውስጥ መወጣጫ አለ?» በሉ። «እርዳታ አስይዤ ነበር» ካላችሁ ወደ ጠረጴዛው ይመልሷችኋል። ፎቶም አንሱ፤ የሰንሰለቱን፣ የሰዓቱን፣ የባዶውን ጠረጴዛ።

ሙር ሮድ ስንደርስ የቀረው የመጨረሻው ጉዞ ነበር። ተሳክቶልን ያዝነው። የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በነፃ። በ1960 የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የበዙበት ቡድን ነው መስመሩን ከመዘጋት ያዳነው፤ መደበኛ ስፋት ባለው ሐዲድ በበጎ ፈቃደኞች የተያዘ የመጀመሪያው መስመር እሱ ነው። የሚገርመው እንደ መጫወቻ አልያዙትም፤ እስከ 1983 ድረስ ለፋብሪካዎች ጭነት ያመላልሱ ነበር። አባባ ይህን ስተረጉምለት ብቻ ነው ኮፍያውን ያስተካከለው፤ ጭነት የጫነ ባቡረኛ ለእሱ ወንድም ነው።

ነጂው ሽማግሌ፣ እጁ በዘይት የጠቆረ። አባባ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ በምድር ባቡር ፈረንሳይኛው ሞከረው፣ ሰውየው ፈረንሳይኛ አያውቅም። ቢሆንም ተግባቡ። አባባ በከዘራው የውኃ መጠን የምታሳየዋን የመስታወት ቱቦ ጠቆመ፤ ሰውየው ቧንቧዋን ከፍቶ ዘጋ፣ ውኃው ወርዶ ተመልሶ ሲወጣ አሳየው። ቀጥሎ አባባ ትርፍ እንፋሎት የምታስወጣውን ላይኛዋን ቫልቭ ጠቆመና ጣቱን አንገቱ ላይ አሳለፈ፤ «ይቺ ከተነካች» ማለቱ ነው። ሰውየው ሳቀና አንድ ታሪክ አጫወተን። በ1812 በዚሁ መስመር ላይ ማቲው መሪ የሠራት፣ ጆን ብሌንኪንሶፕ በሐዲዱ ጎን በተደረደረ ጥርስ ላይ እየቧጠጠች እንድትሄድ ያሰባት ሳላማንካ የምትባል ባቡር ነበረች። በንግድ ሥራ አዋጭ የሆነች የመጀመሪያዋ የእንፋሎት ባቡር እሷ ናት። ከናፖሊዮን ጋር በነበረው ጦርነት የፈረስ ቀለብ ተወዶ ነው ወደ እንፋሎት የዞሩት። በ1818 ቦይለሯ (ውኃ የሚፈላበት ጋኗ) ፈንድቶ ነጂው ሞተ፤ ጆርጅ ስቲቨንሰን በኋላ ለፓርላማ ኮሚቴ እንዳስረዳው ሰውየው የደኅንነት ቫልቩን ነካክቶት ነበር። ስተረጉምለት አባባ «አላልኩም?» አለ፤ ለሁለት መቶ ዓመት ሲከራከርበት የቆየ ይመስል።

ከዚያ የሐዲዱን ስፋት ጠየቀ። 1435 ሚሊ ሜትር። የእኛው አሮጌው አንድ ሜትር ነበር፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ግን ልክ ይሄንኑ ነው። ይሄ ነገር ቅር አሰኘው፤ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።

እሳቱን ሲቆሰቁሱ የምታዩት ከሰል ደግሞ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለው። የመስመሩ የመጨረሻ ጉድጓድ፣ ብሩም ፒት፣ በ1968 ተዘግቷል። ዛሬ የእንግሊዝ የቅርስ ባቡሮች የሚያነዱት ከሰል በአብዛኛው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነው። ከሰል ለማውጣት የተሠራ አገር ከሰል ይገዛል።

የቆጨኝ ሙዚየሙ ነው። ጣቢያው አጠገብ፣ እዚያው ሃንስሌት ውስጥ ተሠርተው ዓለምን የዞሩ ባቡሮች የተሰለፉበት አዳራሽ አለ፤ እኛ ስንገባ መብራት ሊያጠፉ ነበር። አባባ ግማሹን እንኳ አላየም። ስለዚህ መጀመሪያ ሙዚየሙን እዩ፣ ጉዞውን አስከትሉ። ፓርክ ሆልት ወርዳችሁ ጫካውን ዙሩ የሚሏችሁን፣ አዛውንት ከያዛችሁ አትስሟቸው። ጉልበት ካላችሁ ግን ውረዱ፤ የሚድልተን ፓርክ ዛፎች መሐል የምታዩዋቸው ክብ ክብ ሥርጉዶች የጥንት የከሰል ጉድጓዶች ናቸው።

ለባቡር ኩባንያው ጻፍኩ። የመጀመሪያው መልስ «መዝገባችን እርዳታው እንደተሰጠ ያሳያል» የሚል ነበር። የሰንሰለቱን ፎቶ ላክሁላቸው። ያስያዛችሁት እርዳታ ካልተሰጠ የመካስ ግዴታ አለባቸው፤ ይህንን ጥቅሱ። መጀመሪያ ቫውቸር ነው የሚሰጧችሁ፤ እንቢ በሉ። የሁለታችንንም የቲኬት ገንዘብ መለሱ።

አባባ አሁን ኒውካስል አካባቢ ያለውን ታንፊልድ ነው የሚያነሳው፤ ያም የከሰል መስመር ነው፣ ከ1725 ጀምሮ ፈረስ ፉርጎ የጎተተበት፣ ርዝመቱም ሦስት ማይል። እንሄዳለን። በባቡር ግን አይደለም፤ መኪና እከራያለሁ። እሱ ደግሞ ለማንኛውም አሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ ግዛልኝ ብሏል።