ሦስት ካርዶች ቦርሳዬ ውስጥ አሉ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የምታነቡኝ ሁሉ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አዲስ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ! ባጋ ነጋን ጌሰን!

ዘንድሮ መውሊድና እንቁጣጣሽ ተከታትለው መጡ። ጅማ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ከጎረቤት ጎረቤት ሰሃን ሲመላለስ ነው የሰነበተው። ዝናቡ ገና አልለቀቀንም። ቢሆንም ዛሬ ጠዋት የሰፈራችን ሴቶች ልጆች ጭቃውን እየዘለሉ፣ አበባ ይዘው፣ በር ላይ ሲዘፍኑ ነው የነቃሁት። ወንዶቹም ስዕላቸውን ይዘው መጡ። አንዱ ያመጣልኝ ስዕል ላይ ቢጫ አበባና ትልቅ ፀሐይ አለ። ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው የሒሳብ ፈተና ወረቀት ነው። የቀይ እስክሪብቶው ራይት ወረቀቱን አልፎ ፀሐይዋ መሀል ይታያል። ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ አስተማሪ ነኝ። ለአስተማሪ ዓመቱ የሚያልቀው ሰኔ ላይ ነው፣ ካርድ የተሰጠ ቀን። ስለዚህ የበዓል መልእክቴን ከሰኔ ልጀምር።

ከፈተና እስከ ካርድ ያሉት ቀናት የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ትምህርት የለም፤ ልጆቹ ግን ይመጣሉ። ብይ ይጫወታሉ፣ ሱዚ ይዘላሉ፣ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው "ቲቸር፣ ሮስተር ሞላሽ?" ይሉኛል። እኛ ውስጥ ተቀምጠናል። ሮስተር የሚሞላው ለሁለት ነው። አንዱ ማርክ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል። ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ። ከዚያ ሁሉም ወደ ካርድ ይገለበጣል። እኔ የነበረኝ 6ኛ ክፍል ነው፣ 61 ተማሪ። ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ካርዱ በሌላ ይቀየራል። ማታ ዓይኔን ስከድን የሚመጣብኝ ቁጥር ነው።

ካርድ ላይ ወላጆች ብዙም የማያዩት አንድ መስመር አለ። የቀረበት ቀን ብዛት የሚለው። የወላጅ ዓይን ቀጥታ ወደ ደረጃ ነው የሚሮጠው። እኔ ግን ከዓመት ወደ ዓመት መጀመሪያ የማየው ያንን መስመር ሆኗል። የኛ አገር ቡና ከጥቅምት ጀምሮ ይደርሳል። በለቀማው ሰሞን ክፍል ውስጥ ባዶ ቦታ ይበዛል። ገጠር ዘመድ ጋ የሚሄዱ አሉ። እናታቸው ለቀማ ስትውል ቤት ሆነው ታናናሾቻቸውን የሚጠብቁም አሉ። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት 19 ቀን፣ 23 ቀን የሚል ካያችሁ ልጁን ሰነፍ ነው አትበሉት። ጠዋት የምንጠጣው ስኒ ውስጥ የዚያ ልጅ 19 ቀን አለበት።

ዓርብ ሰኔ 27 ካርድ ቀን ደረሰ። የጅማን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አራት ሰዓት ገደማ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ስም እየጠራሁ ነበር፤ ፊት ወንበር ላይ ያለ ሰው እንኳን አይሰማኝም። ጠመኔ አነሳሁና ሰሌዳው ላይ ስም መጻፍ ጀመርኩ። ስሙን ያየ ይነሳል፣ ወላጁን እየጎተተ ይመጣል። ሰሌዳው ሲሞላ አጠፋለሁ፣ እንደገና እጽፋለሁ። ክፍሉ እርጥብ ጃንጥላና ጭቃ ጭቃ ይሸታል።

አንድ አባት ቦት ጫማ አድርገው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው መጡ። ካርዱን ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ ለልጃቸው ሰጧት። "አንብቢልኝ" አሏት። ልጅቷ ጆሯቸው ሥር ተጠግታ፣ ከዝናቡ ጋር እየታገለች፣ ከአማርኛ ጀምራ እስከ ስፖርት አንድ በአንድ አነበበችላቸው። ማርኩን ጨርሳ እኔ ወደጻፍኩት አስተያየት አለፈች። ስለራሷ የተጻፈው ምስጋና ላይ ስትደርስ አፈረችና ድምጿን ቀነሰች። "ምን አለች? ጮክ በይ!" አሉ። እንደገና አነበበችው፣ ጮክ ብላ። ወደ እኔ ዞሩና "ባርሲስቱ (መምህርት ማለታቸው ነው)፣ አለፈች?" ብለው ጠየቁኝ። "አልፋለች" አልኳቸው። ከቢሮ ያስመጣሁትን የማኅተም ቀለም በአውራ ጣታቸው ነክተው ፈረሙ። ስንተኛ እንደወጣች አልጠየቁም። አራተኛ ነበረች።

ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ደብተር ተሸለሙ፣ ተጨበጨበላቸው፣ ፎቶ ተነሱ። ደስ ይላል። ስለነሱ ብዙ አልጽፍም፤ የሚያሞግሳቸው አያጡም።

ሁሉም ሲሄድ ጠረጴዛዬ ላይ ሰባት ካርድ ቀረ።

በየዓመቱ ይቀራል። በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ሁለት ሕግ አለ። ወላጅ ካልመጣ ካርድ አይሰጥም። መጽሐፍ ያልመለሰ ካርድ አይወስድም። ምክንያቱ ይገባኛል። መጽሐፍ እጥረት አለ፤ የሚቀጥለው ዓመት ልጅ ይጠብቀዋል። ወላጅ ይምጣ የሚባለውም ቢያንስ በዓመት ሁለት ቀን ፊት ለፊት እንድንተያይ ነው። ግን መጽሐፉ በዝናብ ርሶ የተበላሸበት ልጅስ? እናቱ አንድ ቀን ከሥራ ከቀረች የዕለቱ እንጀራ የሚቀርበትስ? እንዲህ ያለውን ልጅ "ሂድና ወላጅ ይዘህ ና" ብዬ ባዶ እጁን የመለስኩባቸው ዓመታት አሉ። ከነሱ ውስጥ ተመልሶ ያልመጣ አለ። ፊቱን አልረሳውም። ይቆጨኛል።

በተለይ የ6ኛ ክፍል ካርድ መሳቢያ ውስጥ ሲቀር ያስፈራኛል። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ የሚባለው ከ1ኛ እስከ 8ኛ ነበር። አዲሱ አደረጃጀት ግን 6 ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ አድርጎታል። በደርግ ጊዜ የተማሩ ወላጆች "የድሮው ተመለሰ" ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። በጎ ነው ክፉ ነው የሚለውን ዛሬ ልተወው። የኛ ግቢ ግን 6ኛ ላይ ያበቃል። 7ኛ ለመግባት ልጁ ካርዱን ይዞ ሌላ በር ማንኳኳት አለበት። እዚያ ስሙን የሚያውቅ አስተማሪ የለም። ባይሄድ "ያ ልጅ የት ደረሰ?" የሚል አይኖርም። እኛ "አሳልፈነዋል" ብለን ሮስተራችንን እንዘጋለን። እነሱ "ቀረ" እንኳን አይሉም፣ መቼ ያውቁትና። ልጁ በሁለት ግቢ መካከል፣ መንገድ ላይ ይጠፋል።

የጅማ ክረምት ወረቀት ያሻግታል። ሰባቱን ካርዶች በፌስታል ጠቅልዬ ቤቴ ወሰድኳቸው።

ሦስቱ ሐምሌ ውስጥ ተወሰዱ። አንዷ እናት ታማ ነበር፤ ሲሻላት መጣች። የሁለቱን ዘመድ ወሰደላቸው።

አራተኛው ልጅ ጋ ራሴ ሄድኩ። አወይቱ ወንዝ አካባቢ ካለ ላቫጆ ባጃጅ እንደሚያጥብ የክፍል ጓደኞቹ ነግረውኝ ነበር። ስደርስ ጎንበስ ብሎ ጎማ እየቦረሸ ነው። "ቲቸር!" ብሎ ብድግ አለ፣ አረፋ የለበሰ እጁን ከኋላው ደበቀ። ካርዱን ለምን እንዳልወሰደ ጠየቅኩት። መሬት መሬት አየ። "ወድቄ መስሎኝ" አለኝ።

ወድቄ መስሎኝ! አማካዩ 63 ነው። ተዛውሯል። ያንን ካርድ በእጄ ጽፌ፣ አስፈርሜ፣ ማኅተም አስደርጌ፣ በፌስታል ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። ልጁ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ወድቄያለሁ እያለ ጎማ ያጥባል። እናቱ ቡና መጋዘን ለቃሚ ናት፤ ከጠዋት እስከ ማታ። "ትምጣ ይላሉ፣ አትችልም፤ እኔም ወድቄ ከሆነ ለምን ትምጣ ብዬ ተውኩት" አለኝ። ዕድሜው 13 ነው። ይህን ሁሉ ብቻውን አስቦ፣ ብቻውን ወስኖ፣ ጎማ ወደ ማጠብ ገባ።

በማግስቱ ካርዱን ይዤ ተመለስኩ። ሕጉን ጣስኩ፤ አላፈርኩበትም። ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበ። "ቲቸር፣ እጄ እርጥብ ነው" አለ። የላቫጆው ባለቤት እጃቸውን በሱሪያቸው አደራርቀው ተቀበሉኝ። ካርዱን ራቅ አድርገው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ እያደረጉ፣ እዚያ ላሉት ልጆች ሁሉ እንዲሰማ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። "ተዛውሯል!" የሚለው ላይ ሲደርሱ ሁለቴ አነበቡ። ከዚያ እንዳይረጥብ የቆመች ባጃጅ መስታወት ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ቦሎው አጠገብ ሰኩት። ልጁ ሥራውን ቀጠለ። በየደቂቃው ግን ቀና እያለ መስታወቱን ያያል።

7ኛ ክፍል ተመዝግቦ እንደሆነ ገና አላውቅም። ሰኞ ሄጄ አጣራለሁ።

ሦስት ካርድ ቀረኝ። የአንደኛው ልጅ ቤተሰብ ቤት ለቆ ወደ አጋሮ ሄዷል አሉኝ፤ ስልካቸው አይሠራም። ሁለተኛው እዚሁ ጅማ ነው፤ መርካቶ ውስጥ ፌስታል ሲሸጥ ያዩት አሉ። ሦስተኛዋ አዲስ አበባ ሰው ቤት ገብታለች ይባላል። እሷም 13 ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው ቤት መሥራት ልክ አይደለም፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ጸባይዋ የተመሰገነ፣ ቁጥብ፣ ጽሑፏ የሚያምር ልጅ ናት። ካርዷ ላይ የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የወላጅ ፊርማ ቦታው ባዶ ነው።

እንግዲህ የበዓል ልመናዬ ይኸው። ዛሬ ቤታችሁ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ዶሮው ተሠርቷል፣ ቡና ተፈልቷል። ቡናውን የምታፈላው ከክፍለ ሀገር የመጣች ልጅ ከሆነች፣ እባካችሁ አጠገቧ ተቀመጡና "ስንተኛ ክፍል ነበርሽ? ካርድሽ የት ነው?" ብላችሁ ጠይቋት። አላውቅም ልትላችሁ ትችላለች። የነበረችበትን ትምህርት ቤት ስም ግን አትረሳም። ደውሉ። መሸኛና ካርድ ማስላክ ይቻላል፤ ለብዙ ልጆች ልከናል። ጫማችሁን የሚጠርግላችሁን፣ ማስቲካ የሚሸጥላችሁን፣ መኪናችሁን የሚያጥብላችሁንም ጠይቁ። "ስንተኛ ወጣህ?" የሚለውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። "ተመዝግበሃል?" በሉት። ካልተመዘገበ እጁን ይዛችሁ ሂዱ። ከትልቅ ሰው ጋር የመጣን ልጅና ብቻውን የመጣን ልጅ የምዝገባ ጠረጴዛ እኩል አያያቸውም። ስንቴ አይቼዋለሁ!

አስተማሪ ጓደኞቼ፣ እናንተንም አደራ። መሳቢያችሁን ክፈቱ። ካርድ ካለ አታሳድሩት። የጠፋ መጽሐፍ ጉዳይ ከልጁ ጋር ቀስ ብሎ ይታያል። ያልተሰጠ ካርድ ግን መስከረም ካለፈ በኋላ ማን ይወስደዋል?

ዘመነ ማርቆስን የሰላም፣ የጤና፣ የጥጋብ ያድርግልን። የታመሙትን ይማርልን፣ የተሰደዱትን ለቤታቸው ያብቃልን። ልጆቻችሁን ሳሙልኝ።

እኔ ሰኞ መስከረም 5 ከሰዓት በኋላ መርካቶ እወርዳለሁ። በዕለቱ እዚያ ገበያ የምትወጡ ካላችሁ፣ ፌስታል የሚሸጡትን ልጆች አንድ ላይ ብንፈልግ ደስ ይለኛል። ሦስቱ ካርዶች ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። ዝናቡ እንዳያገኛቸው ፌስታሉን ትናንት ቀየርኩት።