በነሱ 2፣ በእኛ 8፣ በፀሐይዋ 6

እሑድ ነው። እማማ ጋ ምሳ በልቼ አሁን ገባሁ። ስልኬ 19:15 ይላል። አዎ፣ ምሳ ነው ያልኩት።

ስፔን፣ ቫሌንሲያ ከገባሁ አራት ዓመት አለፈኝ። ቋንቋው መጣ፣ ወረቀቱም መጣ። ሰዓታቸውን ግን ሆዴ እስኪለምደው ድረስ አበሳዬን አየሁ።

እማማ የምላቸው ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን አሮጊት ነው። እሳቸው "ኢኻ" ይሉኛል፤ ልጄ እንደማለት። ለነገሩ ገበያ ውስጥ ዓሣ የምትሸጠዋም "ኢኻ" ትለኛለች፤ እኩያዬ ብትሆን ነው።

መጀመሪያ የጋበዙኝ ጊዜ የሠራሁትን ሳስታውስ አሁንም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ። ከመጣሁ ወር ቢሆነኝ ነው። ደረጃ ላይ አገኙኝና "እሑድ ፓኤያ አለ፣ አ ላስ ዶስ ነይ" አሉኝ። (ፓኤያ በሰፊ መጥበሻ የሚሠራ የሩዝ ምግባቸው ነው።) እንዳይጠፋኝ ብለው ሁለት ጣታቸውን ቀሰሩ። ሁለት ሰዓት። ሁለት ሰዓት ደግሞ ጠዋት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? ስልኬ ላይ የተጻፈውን እንደ ፈረንጅ አነብ ነበር እንጂ፣ በጆሮዬ የሰማሁት ቁጥር ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ሐበሻ ሰዓት ነበር። እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነጠላዬን ጣል አድርጌ፣ ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ሁለት ኪሎ ብርቱካን አንጠልጥዬ አንኳኳሁ። (ለማያውቅ፦ ቫሌንሲያ ሰው ቤት ብርቱካን ይዞ መሄድ ጅማ ቡና ይዞ እንደመሄድ ነው።)

እማማ በፒጃማ ወጡ። እኔን አዩ፣ ፌስታሉን አዩ፣ ዞረው የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ከዚያ "ግቢ፣ ግቢ" አሉኝ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ወጥ ቤታቸው ቁጭ ብዬ ፎሶሊያ ስቀነጥስ ዋልኩ። ስፓኒሽ የጀመርኩት ያን ቀን ነው ማለት ይቻላል።

የምሠራው ዳቦ ቤት ነው፤ ቤኒማክሌት ሰፈር። ድሮ ለብቻው መንደር ነበር፣ አሁን ከተማው ውጦታል። ሰዓት ሳላይ፣ ማን እንደገባ ብቻ አይቼ ስንት ሰዓት እንደሆነ እነግራችኋለሁ። (ከዚህ በኋላ የምጽፈው በነሱ ሰዓት ነው። ስድስት እየቀነሳችሁ ወይ እየጨመራችሁ አንብቡ።)

ጠዋት 7 ላይ የሚገቡት አይቀመጡም። ቡና በወተት፣ ምናልባት አንድ ብስኩት፣ ከዚያ ውልቅ። ፍርፍር በልቶ ላደገ ሰው ይሄ ቁርስ ከተባለ ስድብ ነው ብዬ ነበር። የቸኮልኩት እኔ ነኝ፤ ዋናው ገና ነው። 10 ሰዓት ሲሆን ሰፈሩ ሥራውን ጥሎ ይበላል። አልሙዌርሶ ይሉታል። ክንድ የሚያህል ዳቦ እንቁላልና ድንች ታጭቆበት፣ ወይራ፣ ከነቅርፊቱ ኦቾሎኒ፣ ቢራ ወይም በለስላሳ የቀጠነ ወይን። ግንበኛውም ጠበቃውም እኩል ያኝካል። ማድሪድ ያደገችው የሥራ ባልደረባዬ ራሷ "እዚህስ ያበዙታል" ትላለች።

ስለ ቡናው አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ። ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ፓኬቱ ላይ "ሜስክላ" የሚል ካያችሁ አትንኩት። ቶሬፋክቶ አለበት ማለት ነው፤ ፍሬው ሲቆላ ስኳር ተጨምሮበት፣ አርሮ፣ እንደ ሬንጅ እያብለጨለጨ የሚወጣ። ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ፣ ቡና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው የተለመደው። ችግር ይገባኛል። ግን ጦርነቱ እኮ ያበቃው በ1939 ነው!

ከ1 እስከ 2 ዳቦ ቤቱ ጢም ይላል። ሰልፍ ግን የለም። አዲስ የገባው ሰው በሩ ላይ ቆሞ "ኤል ኡልቲሞ?" ይላል፤ የመጨረሻው ማነው? አንዷ እጇን ታነሳለች። በቃ። ከዚያ ያወራል፣ ወጥቶ ያጨሳል፣ ተመልሶ ይገባል፤ ከእሷ ቀጥሎ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ይሄንን ሳላውቅ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ሰልፍ የለም ብዬ ቀጥ ብዬ ስገባ የተጮኸብኝ ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ዳቦውን ገዝተው ሲወጡ ደግሞ ተመልከቷቸው። ሽማግሌውም ተማሪውም ከደጃፉ ሦስት እርምጃ ሳይርቅ የዳቦውን ጫፍ ቆርሶ አፉ ውስጥ ይከታል። ጫፉ ሳይነካ ቤት የሚደርስ ዳቦ ያለ አይመስለኝም።

2 ሰዓት ላይ የሱቆቹ መዝጊያ ጓ ብሎ ይወርዳል። እስከ 5 ድረስ መንገዱ ጭር። ሁሉም ተኝቷል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ የማውቃቸው ሠራተኞች የሚተኙት ቢበዛ እሑድ ነው። ዝምታው ግን ይከበራል። አንድ ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ ቡና ቆልቼ፣ ሙቀጫዬን አውጥቼ መውቀጥ ጀመርኩ። ከታች ያሉት ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት መቱት። እኔ ዱም፣ እነሱ ዱም። ለካ እየተጣላን ኖሯል፤ እኔ አጃቢ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። አሁን የኤሌክትሪክ መፍጫ ገዝቻለሁ።

ማታ 8 ሲሆን ሰው ይወጣል። ወዴት? ወዴትም። ይሄዳል፣ ይመለሳል። የኛ ልጆች ወክ የሚሉት ነው። እኔ ወደ ቱሪያ እወርዳለሁ፤ ወንዝ የሌለበት የወንዝ ቦይ። ኦክቶበር 14 ቀን 1957 ከተማውን ከባድ ጎርፍ ከመታው በኋላ ወንዙን በደቡብ በኩል አዞሩት። ባዶ የቀረው ቦይ ላይ አውራ ጎዳና ሊሠራ ሲታሰብ ነዋሪው እምቢ አለ፤ ፓርክ ሆነ። አዲሱ ቦይ በ2024ቱ ጎርፍ ከተማዋን አተረፋት። ከማዶ ያሉትን ግን አላተረፈም። በዚያ ሳምንት መጥረጊያና አካፋ ይዞ በድልድዩ በእግሩ ሲሻገር የነበረውን ሕዝብ ሌላ ቀን እጽፋለሁ፤ ዛሬ አልችልም።

ቱሪያ ውስጥ ከየት ነሽ ሲሉኝ ኢትዮጵያ ካልኩ "ማራቶን!" ነው መልሱ። አማኔ በሪሶ በ2022 እዚህ 2:14:58 ገብታ ማሸነፏን፣ ሲሳይ ለማ በዓመቱ በ2:01:48 መድገሙን ከኔ በላይ ያውቃሉ። ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እንደሚል ስለማያውቁ በአክብሮት ነው የሚያዩኝ።

በሰኔ ማብቂያ ፀሐይ የምትጠልቀው 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እራት 10 ሰዓት። 11 ላይ አደባባዩ ውስጥ የአምስት ዓመት ሕፃን ኳስ ይመታል፣ አያቱ ወንበር አውጥታ ታያለች። እነዚህ ሰዎች ልጅ አያስተኙም እንዴ ብዬ ስፈርድባቸው ከረምኩ።

ፍርዴን ያስነሱኝ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ በየቀኑ 1 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ዳቦ ይገዛሉ። "እኛ አላመሸንም፣ ሰዓቱ ነው የቀደመው" አሉኝ። የዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ሥለው አሳዩኝ። የዓለም ሰዓት የሚቆጠርበት የግሪንዊች መስመር የሚያልፈው እዚሁ ጎረቤታችን ካስቴዮን ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰዓታችን ከለንደን ጋር መሆን ነበረበት። አምባገነኑ ፍራንኮ በማርች 1940 አንድ ሰዓት ወደፊት ገፋው፣ ከመካከለኛው አውሮፓ ጋር እኩል ሆነ፣ እስከ ዛሬ መላሽ አጣ። በአውሮፓ በጋ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። "እና በሐምሌ ሰዓቱ 2 ሲል ፀሐይዋ ገና አናታችን ላይ መድረሷ ነው።"

ፀሐይ አናት ላይ። እኛ ጋ ስንት ሰዓት ነው? ስድስት! ሰዎቹ ምሳ የሚበሉት በስድስት ሰዓት ነው እኮ። ይሄንን ስነግራቸው ዓይናቸው ፈጠጠ። ሲየስታ (የከሰዓት እረፍታቸው) የሚለው ቃል የመጣው "ሴክስታ" ከሚለው ላቲን ነው አሉኝ፤ ስድስተኛዋ ሰዓት ማለት ነው፣ ሮማውያን ከንጋት ጀምረው ሲቆጥሩ። "እናንተ እስካሁን እንዲህ ትቆጥራላችሁ?" ብለው ሁለቴ ጠየቁኝ። ከኋላቸው ያለችው ሴትዮ ጉሮሮዋን ጠረገች። ዳቦ ልትገዛ ነው የመጣችው።

ዛሬ እንግዲህ እማማ ጋ በሰዓቱ ነው የደረስኩት። ብርቱካን አልያዝኩም፤ ድፎ ዳቦና ጀበናዬን ነው። መጥበሻው ጠረጴዛው መሐል ተቀመጠ፤ ሳህን የለም። ለየራስ ማንኪያ ይዞ ከዳር ወደ መሐል፣ በየፊት በየፊት። የሰው ፊት መንካት እንደኛው ነውር ነው። ችግሩ ጥንቸሉ ነው። የቫሌንሲያ ፓኤያ ዶሮና ጥንቸል ነው፤ እኔ ደግሞ ጥንቸል አልበላም። እማማ ይሄንን ካወቁ ቆዩ። በኔ በኩል ያለውን የጥንቸል ቁራጭ አንድ በአንድ እየለቀሙ ወደራሳቸው ድንበር ያሻግራሉ፣ በምትኩ ዶሮውን ወደኔ ይገፉታል። ጉርሻ ባይሆንም የጉርሻ ዘመድ ነው። "መረቁስ?" የሚለውን ጥያቄ ለንስሐ አባቴ ትቼዋለሁ።

መሐል ላይ ጎረቤት መሰላል ሊመልስ ገባ። እማማ ማንኪያቸውን ወደ መጥበሻው እያመለከቱ "ጉስታ?" አሉት፤ ልክ እንደኛ "እንብላ"። እሱም "ኬ አፕሮቬቼ" ብሎ፣ ይመቻችሁ ማለት ነው፣ መሰላሉን አቁሞ ወጣ። አሁን ወጣቶቹ "ጉስታ" አይሉም። የእማማ ዘመን ቃል ነው።

ከበላን በኋላ ማንም አልተነሳም። አይነሱም። አቦሉን ጠጥተን፣ በረካው ላይ ስንደርስ ትዝ አለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ፀሐይዋ አናት ላይ የምትደርሰው 1 ሰዓት ሳይሞላ ነው ማለት ነው። የመምህሩን ሂሳብ በጣቴ እየቆጠርኩ አስረዳኋቸውና "ታዲያ ምሳው ወደ 1 ሰዓት ይመጣል?" አልኳቸው።

እማማ ሲኒውን አስቀመጡ። ያን ቀን ብርቱካን ይዤ በራቸው ላይ ስቆም ያዩኝን አስተያየት አዩኝ።

"ኢኻ፣ ምሳ 2 ሰዓት ነው።"