ድልድዩን ተሻግሬ የተማርኩት

ለሁለተኛ ዲግሪ ቡዳፔስት ስገባ የመመረቂያ ጥናቴን ርዕስ ከአዲስ አበባ ይዤ ነበር፤ በስሎቫኪያ የሚኖሩት ሃንጋሪዎች ለምን ተቀናቃኝ ፓርቲዎችን ይመሠርታሉ? መልሱንም የማውቀው መስሎኝ ነበር። በአገሬ እንደለመድኩት «የሕዝቡ እውነተኛ ወኪል እኔ ነኝ» የሚል ሙግት ይሆናል አልኩ።

ሦስት ወር ሙሉ የፓርቲ ፕሮግራም ሳነብ ከረምኩ። ስሎቫኪያ እ.ኤ.አ. በ1993 ነጻ አገር ስትሆን ዋና ዋናዎቹ የሃንጋሪዎች ፓርቲዎች ሦስት ነበሩ፤ የሚክሎሽ ዱራይ «አብሮ መኖር»፣ ክርስቲያን ዴሞክራቶቹና ሊበራሎቹ። ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ቋንቋ የጻፉትን ስማቸውን ሸፍኜ ሳነበው የማን እንደሆነ መለየት ያቅተኝ ነበር። አማካሪዬ ረቂቁን አገላብጠው በእርሳስ ሁለት ቃል ጻፉበት፦ «የምርጫ ሕጉስ?» አላነበብኩትም ነበር።

ፓርላማ ለመግባት 5 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። በ2011 ቆጠራ ሃንጋሪዎቹ 8.5 በመቶ ነበሩ፤ ለአንድ ፓርቲ ይበቃል፣ ለሁለት ያንሳል። በ1994 ሦስቱ ተጣምረው 17 መቀመጫ አገኙ። በ1998 የቭላዲሚር ሜቺያር መንግሥት እያንዳንዱ የጥምረት አባል ለብቻው 5 በመቶ እንዲያመጣ ሕጉን ሲቀይርባቸው ግን ተዋህደው የሃንጋሪ ቅንጅት ፓርቲ ሆኑ። («ቅንጅት» ብዬ ስተረጉም እጄ ትንሽ አመነታ፤ 97ን ያየ ይረዳኛል።) ለመነጣጠል የወጣ ሕግ አጋባቸው።

ጋብቻው አልዘለቀም። በ2007 ፓል ቻኪ ቤላ ቡጋርን በሊቀመንበርነት ውድድር አሸነፈ፤ ቡጋርም በ2009 ወጥቶ ሞስት–ሂድን መሠረተ። ስሙ አንዴ በስሎቫክኛ፣ አንዴ በሃንጋሪኛ «ድልድይ» ማለት ነው፤ ስሎቫኮችንም ይጋብዝ ነበር። በ2010 አዲሱ ፓርቲ 14 መቀመጫ ሲያገኝ ነባሩ በ4.3 በመቶ ከፓርላማ ውጭ ቀረ።

ከቤተ መጻሕፍት የወጣሁት ከዚህ በኋላ ነው። በባቡር የሃንጋሪዋ ኮማሮም ደርሼ የዳኑብን ወንዝ በእግር ተሻግሬ የስሎቫኪያዋ ኮማርኖ ገባሁ። ገበያ ውስጥ አንዲት አትክልት ሻጭ አገኘሁ፤ አብሮኝ የመጣው የክፍል ጓደኛዬ ያስተረጉምልኛል። «ከሁለቱ እውነተኛው የሃንጋሪዎች ፓርቲ የትኛው ነው?» አልኳቸው። ቃሪያዬን መዝነው ሰጡኝና ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞሩ። በሳምንቱ ተመልሼ የልጅ ልጆቻቸው በምን ቋንቋ እንደሚማሩ ብቻ ጠየቅኳቸው። ተራ የሚጠብቀው ሰው እያጉረመረመ ግማሽ ሰዓት አወሩኝ፤ ወንድማቸው ለነባሩ እንደሚመርጥ፣ እሳቸው ለቡጋር እንደሚመርጡ፣ እሑድ ምሳ ላይ ግን ይህ ጉዳይ እንደማይነሳ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። መጠይቄን ያን ማታ እንደገና ጻፍኩት።

በ2020 ምርጫ ነባሩን ፓርቲ ያቀፈው ጥምረት 3.9፣ ሞስት–ሂድ 2 በመቶ አግኝተው ሁለቱም ፓርላማ ሳይገቡ ቀሩ። እኔም በቁጭት ሁለቱን ደምሬ «5.9» ብዬ ሠንጠረዡ ግርጌ ጻፍኩ። አማካሪዬ ሰረዙት፤ «ይህን ፓርቲ ማን መረጠው?» አሉኝ። ለሞስት–ሂድ ድምፅ ከሰጡት መካከል ስሎቫኮችም ነበሩ። ድምሩን አወጣሁት።