የመንዝ አባቶችን ወግ በዲጂታል እስክሪብቶ ስይዝ

ሰሜን ሸዋ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ እየዞርኩ ስለ ጓሳ፣ የመንዝ ሰው በጋራ ሲጠብቀው ስለኖረው የደጋ ሳር ምድር፣ የሚያውቁ አዛውንቶችን አነጋግራለሁ። ሳሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚታጨደው መቼ ነበር? ማን ይከፍተው፣ ማን ይዘጋው ነበር? ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የነበረውን ሥርዓት በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ከዓመት ዓመት እያነሱ ነው። አንድም ቃል እንዲያመልጠኝ አልፈልግም።

ድሮ የምቀዳው በስልክ ነበር። ፈተናው የሚጀምረው ቤት ስገባ ነው። አንዲት የቦታ ስም ለማግኘት ረጅሙን ጨዋታ ከአናቱ ጀምሮ መስማት ግድ ይላል። ዲጂታል እስክሪብቶ የገዛሁት ለዚህ ነው።

ጫፉ አጠገብ ትንሽ ካሜራ አለች። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ዓይን በቅጡ የማይለያቸው ደቃቅ ነጥቦች ታትመዋል። የነጥቦቹ አደራደር ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ካሜራዋ የትኛው ገጽ፣ የቱ ጋ እንደምጽፍ ታውቃለች። ዘዴውን ያመጣው አኖቶ የተባለ የስዊድን ኩባንያ ነው። ላይቭስክራይብ የተባለ ሌላ ኩባንያ ደግሞ ጽሑፍን ከድምፅ ጋር የሚያያይዝ እስክሪብቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ አቀረበ። የእኔም የዚያው ዓይነት ነው። «ክዳን» ብዬ የጻፍኩበትን ቦታ በጫፉ ነካ ሳደርገው፣ ያኔ ይነገር የነበረውን ያሰማኛል።

ይሄ አጻጻፌን ለወጠው። ዓረፍተ ነገር መጻፍ ተውኩ። ቁልፍ ቃል ብቻ እጥላለሁ፤ ያልገባኝ ላይ ኮከብ። ዓይኔ ሰውየው ላይ ይቆያል። ሰው ደግሞ ሲያዩት ነው የሚጫወተው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰው ይጠረጥራል፤ እስክሪብቶን ማንም አይጠረጥርም። ስለዚህ ገና ቡናው ሳይቀርብ አሳያለሁ። «አባባ፣ ይሄ እስክሪብቶ የሚሉትን በድምፅም ይይዛል፤ ይፈቅዱልኛል?» እላለሁ። አንድ አባት «እስቲ መጀመሪያ የራሴን ድምፅ አሰማኝ» አሉኝ። አሰማኋቸው። መሀል ላይ የድንበር ጠብ ሲነሳ «ይሄን እንኳ ተወው ልጄ» አሉ፤ ወዲያው አጠፋሁት።

ትልቁ ጉድለት ወረቀቱ ነው። ተራ ደብተር ላይ ከቢክ አይለይም። ነጥብ ያለበትን ደብተር ደብረ ብርሃን ፈልጌ አጣሁ፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው መለመን ነው። ራስ ማተም የሚቻልባቸው ዓይነቶች አሉ፤ ጥሩ ሌዘር ፕሪንተር ግን ይጠይቃሉ።

ፊደላችንም ሌላ ጣጣ ነው። የእኔ ፕሮግራም የእንግሊዝኛ የእጅ ጽሑፍን ወደ ታይፕ ይለውጣል፤ አማርኛውን እንደ ሥዕል ያስቀምጠዋል። ቃል አስገብቶ መፈለግ የለም። እኔ በየገጹ አናት ቀኑን፣ ቀበሌውንና የተናጋሪውን ስም እጽፋለሁ፤ የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ለማውጫ እተዋለሁ።

ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ንፋሱ ድምፅ ይበላል፤ ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል። ከሜዳ ይልቅ ቤት ውስጥ፣ ምድጃ ዳር መቀመጥ ይሻላል። እስክሪብቶው ከጋቢ ሥር፣ ውስጥ ኪስ ይቀመጥ። ጫፉ ወረቀቱን ሲጭር የሚሰማው ድምፅም አብሮ ይቀዳል፤ ትንሽ መጻፍ ለዚህም ይረዳል።

ተማሪ ከሆናችሁና ሰሌዳ ለመገልበጥ ብቻ ከፈለጋችሁት አልመክርም፤ ቢክ ይበቃል። ሰው እያነጋገራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን ግዙት። ስትገዙ ለዓመት የሚበቃ ደብተርና መለወጫ ቀለም አብራችሁ ያዙ።