በበሉበት ላይ የጮኹ

የጀርመን ፍራይኮሮች (ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት በየአዛዡ ሥር የተመለመሉ የበጎ ፈቃድ ጦሮች) ነገር ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ርዕዮተ ዓለም ይሮጣል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ቀለቡ ነው፤ ማን ቀለባቸው፣ ለማንስ ታዘዙ?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1918 ጦርነቱ ሲያበቃ አሮጌው ሠራዊት እንደ ጨው ሟሟ። የአዲሱ የጀርመን መሪ የኤበርት መንግሥት የሚያዘው ጦር አጣ። ያኔ መኮንኖች ከጦር ሜዳ የተመለሱትን፣ ግንባር ሳይደርሱ ጦርነቱ ያለቀባቸውን ተማሪዎችም መለመሉ። ደመወዝ፣ ስንቅና መሣሪያ ከመንግሥት፤ ስሙ ግን የአዛዡ፦ ኤርሃርት፣ ሎቨንፌልድ፣ ሮስባህ። ብልሽቱ የጀመረው እዚሁ ላይ ነው። ወታደሩ የሚያውቀው የቀጠረውን ሰው እንጂ ገንዘቡን የመደበውን ሚኒስትር አይደለም። በጃንዋሪ 1919 የበርሊንን አመፅ ሲደመስሱና የኮሚኒስት መሪዎቹን ሮዛ ሉክሰምበርግንና ካርል ሊብክኔሽትን ሲገድሉ መንግሥት ጦሩን የያዘው መስሎት ነበር።

ከሽንፈቱ በኋላ ጀርመን የፈረመችው የቬርሳይ ውል ሠራዊቱን በ100,000 ሰው ሲወስነው ቀለቡ ሊቋረጥ ሆነ። በፌብሩዋሪ 29 ቀን 1920 የመከላከያ ሚኒስትሩ ኖስከ የኤርሃርትና የሎቨንፌልድ ብርጌዶች እንዲበተኑ አዘዘ። በበርሊን የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሉትቪትስ እምቢ አለ። ማርች 13፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ የኤርሃርት ሰዎች ከዶበሪትስ ሰፈር ተነሥተው በብራንደንቡርግ በር በኩል በርሊን ገቡ፤ ብዙዎቹ የራስ ቁራቸው ላይ በኋላ የናዚዎች ምልክት የሆነውን ስዋስቲካ ቀብተዋል። ሂትለር ገና ማንም በማያውቀው ጊዜ መሆኑ ነው። ከሠራዊቱ ቁንጮዎች አንዱ የነበረው ጄኔራል ዜክት መደበኛውን ጦር በጓዶቹ ላይ ለማዝመት ፈቃደኛ ስላልነበር ኤበርት ወደ ድሬስደን፣ ከዚያም ወደ ሽቱትጋርት ሸሸ።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። እነዚህ በበሉበት ላይ ጮኹ።

ከተማ መያዝና ከተማ ማስተዳደር ግን ለየቅል ናቸው። በሌጊን የሚመሩት የሠራተኛ ማኅበራት አድማ ጠሩ፤ ባቡሩ ቆመ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ውኃው ተቋረጠ። መፈንቅለኞቹ ቻንስለር ያሉት ካፕ ገንዘብ ሲጠይቅ የብሔራዊ ባንኩ ሹማምንት አንከፍልም አሉ። ጠብመንጃ ለያዘ ሰው በጸሐፊ ፊርማ መሸነፍ እንዴት ያንገበግበው ይሆን! በአምስተኛው ቀን ካፕ ለቀቀ።

ታሪኩ እዚህ ቢቆም ደስ ባለኝ። በምዕራብ ጀርመን የኢንዱስትሪ ቀጠና በሩር ሸለቆ አድማው ወደ ትጥቅ አመፅ ተሸጋግሮ ነበር፤ ሠራተኞቹ ትጥቅ አንፈታም ሲሉ የተመለሰው መንግሥት ጦር ላከ። ከተላኩት አንዱ በካፕ ስም የብሬስላውን ከተማ (የዛሬዋን የፖላንድ ቭሮትስዋፍ) ይዞ የነበረው የሎቨንፌልድ ብርጌድ ነው፤ እንዲበተን ታዞ የነበረው ራሱ።